በእትዬ ተሻለች ፍሪዘር ያደረ ባሕር

ድሬዳዋ ባሕር የላትም የሚል ሰው ሣህሉን አያውቀውም ማለት ነው። ደቻቱ እንኳ በዓመት አንድ ሁለት ቀን እንደ ሰካራም አማች እየፎከረ መጥቶ ያገኘውን ጠራርጎ ከመሄዱ በስተቀር፣ የቀረውን ጊዜ አሸዋውን አንጥፎ የሚተኛ ደረቅ ወንዝ መሆኑን ሕፃን ልጅም ይመሰክራል። ነገር ግን በዚያ በደርግ ዘመን፣ ሰው ከቀበሌ ቀበሌ ለመዛወር መሸኛ በሚጠየቅበት ጊዜ፣ አንድ ሙሉ ባሕር በየወሩ ከጅቡቲ እየተነሣ ድሬዳዋ ይገባ ነበር። ያውም በባቡር። ያውም በሦስተኛ ማዕረግ፣ በሰልባጅ ጥቅልና በቴምር ከረጢት መሀል ተጣቦ።

ባሕሩ የሚጓዘው በተርሙዝ ነው። ጅቡቲ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ሣህሉ ራሱ ከሐር ጨርቅ የሰፋለትን መረብ ከታንኳው ኋላ አስሮ ይጎትታል፤ የሸረሪት ድር ከዚያ መረብ ጎን ቢቀመጥ የመርከብ ገመድ ይመስል ነበር። በመረቡ ጫፍ የሚጠራቀመውን ደፍራሳ ውኃ በትንንሽ ብልቃጥ ሞልቶ፣ ጨው በተነሰነሰበት በረዶ ተርሙዝ ውስጥ ይቀብረውና ለዐያንሌ ይሰጠዋል። ዐያንሌ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ለአጥማጁ የአክስት ልጅ፣ ለሣህሉ ደግሞ የልጅነት ጓደኛ። በዚያ ሁሉ መስመር ላይ ከሐዲዱ ቀጥሎ የሚታመን እሱ ብቻ ነበር።

ሣህሉ የሸሚንደፈር፣ የባቡር ኩባንያው፣ መካኒክ ልጅ ነው። ከዚራ ሰፈር ተወልዶ፣ የባቡር ፊሽካ እየሰማ አድጎ፣ በጉብዝናው ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ የባሕርን ሕይወት ተምሮ ተመለሰ። ከስዊዝ እስከ ሞምባሳ ባለው ዳርቻ እሱን የሚያህል ሊቅ አልነበረም ቢባል አንድ ዓሣ ቀና ብሎ አይቃወምም። ሊቁ አለ፤ ባሕሩ ጠፋ። ምፅዋ በጦርነቱ ምክንያት አይሞከርም ተባለ። አሰብ ቦታ የለም ተባለ። ጅቡቲ ደርሶ ለመመለስ የሚያስፈልገው የመውጫ ፈቃድ ደግሞ መንግሥተ ሰማያት ከመግባት ይከብድ ነበር፤ ለመንግሥተ ሰማያት ቢያንስ ንስሐ ይበቃል። እናም ያን ሁሉ ባሕር በሆዱ እንደያዘ ከከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ተመድቦ የማሽላን ሥርና ቅጠል ሲያስተምር ዋለ። ወደ ባሕሩ መሄድ ካልቻልኩ ባሕሩ ወደ እኔ ይምጣ ብሎ የቆረጠው ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ደፍራሳ ውኃ ውስጥ የሚኖሩት ዙፕላንክተን ይባላሉ፤ በባሕር ላይ የሚንሳፈፉ፣ ከሽምብራ ዓይን የሚያንሱ፣ የዓሣ ዘር ሁሉ እንጀራ የሆኑ እንስሳት። ከእነሱ መሀል ሁለት ወገኖች አሉ። በመልክ አንድ ናቸው፤ የወለደቻቸው እናት ብትጠየቅ አትለያቸውም። አንደኛው ወገን ግን ቀዝቃዛ ውኃ ይወዳል፤ ሁለተኛው ሞቃት። ስለዚህ በየዓመቱ የትኛው ወገን እንደበዛ የቆጠረ ሰው ባሕሩ እየሞቀ መሆን አለመሆኑን ከባሕሩ አፍ ሰማ ማለት ነው። አጥማጁማ ሰርዲኑ ከወትሮው ቦታ ሸሸ፣ መረቤ ባዶውን ይወጣል እያለ በየጊዜው በዐያንሌ በኩል ሮሮ ይልክ ነበር። ሣህሉ ግን ሮሮ ሳይሆን ማስረጃ ፈለገ።

ወገኖቹን የሚለያቸው በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ነው። የተማሩት ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ይሉታል። ሣህሉ ግን ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ የሩጫ ውድድር ነው ይላቸው ነበር። እንስሳቱን ፈጭተህ፣ እንደ አጥሚት በረጋ የስታርች ገበታ ጫፍ ላይ አድርገህ ኤሌክትሪክ ስትለቅበት ፕሮቲኑ መሮጥ ይጀምራል፤ የአንዱ ወገን ይቀድማል፣ የሌላው ይዘገያል። ቀለም ሲቀቡት እያንዳንዱ በደረሰበት ቦታ መስመር ሠርቶ ይገኛል። ለዚህ ጀርመኖች ቤት የሚያህል መሣሪያ አላቸው። ሣህሉ የነበረው ኮሌታ የሚደርቅበት አሚዶ፣ ከተጣለ ፉርጎ የወጣ ባትሪና ምሥራቅ ጀርመን ያለችው የቀድሞ አስተማሪው በፖስታ የላከችለት አንድ ብልቃጥ ቀለም ነው። አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከሁለት የተለያዩ ዓመታት ጥቂት ጥቂት ቆንጥሮ ሞከረው፤ መስመሮቹ ወጡ። በኋለኛው ዓመት የሞቃቱ ወገን መስመር ወፍሮ፣ የቀዝቃዛው ቀጥኖ ታየ። ሣህሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በልብስ አሚዶ ባሕርን ያናገረ ሰው በዓለም አልተሰማም።

ሁለት ዓመት ግን ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ አሁን ያለው በሙሉ፣ በጀርመኖቹ መሣሪያ፣ ጎን ለጎን መሮጥ አለበት። እስከዚያ ድረስ ብልቃጦቹ ከበረዶ መውጣት የለባቸውም። ፕሮቲኑ አንዴ ቀልጦ የድሬዳዋን ሙቀት ከቀመሰ ይሞታል፤ የሞተ ደግሞ አይሮጥም። ከመጀመሪያው ዓመት ሳይቀልጥ የደረሰው አንድ ብልቃጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉም ይበልጣል። ዱሮ ባሕሩ ምን ይመስል እንደነበር የሚያውቅ ሌላ ምስክር አልነበረማ።

በረዶ ደግሞ በከተማው የሚታመነው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እትዬ ተሻለች ዘንድ።

እትዬ ተሻለች ከደቻቱ ማዶ ግሮሰሪ ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በወጣትነቷ ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ ያለውን የኮንትሮባንድ መንገድ እንደ ቤቷ ጓዳ ታውቀው ነበር። አንድ ጊዜ የልብስ ስፌት መኪና ከነእግሩ ቀሚሷ ሥር ደብቃ፣ ፈታሹን ልጄ እርጉዝ ሴት አታንገላታ ብላ በእሱው ክንድ ተደግፋ ከባቡር የወረደች ሴት ናት፤ ወንድ ነው ሴት የወለድሽው እያሉ እስከዛሬ ይቀልዱባታል። ባሏ በሕይወት ሳለ ከአሮጌ የሥጋ ፉርጎ ነቅሎ የገጠመላት ፍሪዘር ነበራት። በግንቦት፣ ድንጋይ ሲያልበው፣ እዚያ ውስጥ የገባ ቢራ በብርድ ይፈነዳ ነበር።

ሣህሉ መጀመሪያ የሄደ ዕለት ሁሉንም በዝርዝር ነግሯታል። እንስሳቱን፣ ባሕሩን፣ ሙቀቱን። እትዬ ተሻለች በጥሞና ሰምታ ግራ ዓይኗን ጠቀሰችው።

«ገባኝ» አለችው። «የባሕር ቅማል።»

«እንደዚያም ይባላል፣ እትዬ።»

«እኔ እንኳ ዱሮ ስፈተሽ የእናቴ መድኃኒት ነበር የምለው። ያንተ ይበልጣል፤ ማንም ሊነካው አይፈልግም።»

ሣህሉ ሊያርማት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ቢራውን ወደ ላይ እያወጣች የፍሪዘሩን የታች ክፍል በሙሉ እየለቀቀችለት ነበር። ለባሕር ቅማል ማንም ቢራውን አያነሣም፤ ለምስጢር ግን ድሬዳዋ አልጋዋን ትለቃለች። አፉን መልሶ ገጠመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ ሣህሉ አንድ ነገር እንዳለው አወቀ፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም፣ በዚያ ከተማ ይህን መጠየቅ ነውር ነው። የወርቅ ብናኝ ያለ ነበር፣ ሽቶ ያለ ነበር፣ ለራዳር የሚሆን ፈሳሽ ያለም አልጠፋ። ሣህሉ ከትምህርት ቤቱ ያጻፈው፣ ባለ ማኅተም የፈቃድ ደብዳቤ ነበረው፤ ግን ለሰፈሩ አሳይቶት አያውቅም። ማን ይቀበለዋል? ደብዳቤውን ቢያሳይ፣ አቤት የማኅተሙ ማማር፣ ማን ሠራልህ ይሉት ነበር።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ የቀድሞ አስተማሪው ጻፈችለት፤ ብልቃጦቹን ከነበረዶዋቸው ይዘህ ና፣ መሣሪያውም ገንዘቡም ተዘጋጅቷል፣ ሥራውም በስምህ ይወጣል አለችው። ሣህሉ የመውጫ ፈቃዱን ለማስመታት አዲስ አበባ ወጣ። እዚያ የተንከራተተበትን በር ብዛት ከተናገርን በአገሩ የበር እንጨት ያለቀው በዚያ ዓመት ነው ያሰኛል። ብቻ ተሳካለት። ማኅተሙ ተመታ። ከአንድ የክትባት መሥሪያ ቤት ውፍረቱ ክንድ የሚያህል የበረዶ ሣጥን ተዋሰ፤ ብልቃጦቹን በእሱ ይዞ ተመልሶ በሳምንቱ ሊበር። በሊቶሪናው ባቡር መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ በዕድሜው እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። ሙቀቱ ፊቱን ሲገርፈው እንኳ ፈገግ ይል ነበር።

ጣቢያው ላይ የጠበቀችው የሺመቤት ናት፤ የእትዬ ተሻለች ጎረቤት፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ። እጁን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችውና በጆሮው ነገረችው። ዓርብ ሰፈሩ ተከቦ ቤት ለቤት ተፈትሿል። አትደንግጥ፣ አለችው፤ ዕቃህን አትርፈንልሃል።

ሣህሉ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። የገባው እግሩ ከአእምሮው ቀድሞ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጎማ የሚያህል ሣጥን አንጠልጥሎ የደቻቱን አሸዋ ሲያቋርጥ ያየው ጋሪ ነጂ ገዲ ፈረሱን አቁሞ፣ መምህር፣ ላድርስህ ቢለው አልሰማውም።

ፍሪዘሩ ተከፍቶ፣ ደርቆ፣ በጨርቅ ተወልውሎ ቆሟል። ታች ምንም የለም።

እትዬ ተሻለች ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጣለች። የቀኝ እጇ አንጓ አብጦ በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል። ስታየው ፊቷ በራ። የሆነውን ከወንበሩ ላይ ሳትነሣ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተረከችለት። ዓርብ ከቀትር በፊት የቀበሌ ጥበቃዎች ከፊናንስ ፖሊስ ጋር ሆነው ከላይኛው መንገድ ሲገቡ፣ ወሬው በአጥር ላይ ከእነሱ ቀድሞ ደረሰ። የሚፈልጉት ሬዲዮና ሲጋራ ነው ተባለ። እሷ ግን የመጀመሪያ ሐሳቧ ስለ ሲጋራዋ አልነበረም። ስለ ሣህሉ ነበር። ልጁ የለም፣ አደራው እኔ እጅ ነው አለች። ወዲያው የዱሮውን ሕግ አወጣች፤ ዕቃ በአንድ ቤት ከተያዘ ወንጀል ነው፣ በሃያ ቤት ከተበተነ ጓዳ ነው። ብልቃጦቹን በመሶብ ከዳና፣ በአጥር ቀዳዳ እያሾለከች፣ ለሚታመን ሁሉ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ለአንዷማ አራት አደለቻቸው። ፈታሾቹ ሲደርሱ ፍሪዘሩ ባዶ ነበር።

ጣጣ ያመጣባትም ይኸው ባዶነቱ ነው። በግንቦት ሐሩር፣ የሞላ ግሮሰሪ ውስጥ፣ የታችኛው ክፍል ገና ውኃ እያንጠባጠበ ባዶ የሆነ ፍሪዘር ማን አይቶ ዝም ይላል? የት ወሰድሽው ተባለች። ቀበሌ ወስደው ሁለት ቀን አስቀመጧት። እጇንም ጠመዘዙት።

«ታዲያ አላወጣሁም» አለችው። «አንድ ቃል።»

ሣህሉ ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ብልቃጦቹ ባሉበት ቢቀሩ ኖሮ ፈታሾቹ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አንብበው፣ ፍሪዘሩን ዘግተው ይሄዱ ነበር። ደብዳቤው እኮ እዚያው ከክዳኑ በውስጥ በኩል በላስቲክ ተጠቅልሎ ተለጥፎ ነበር። እትዬ ተሻለች እሱንም አላስቀረችውም፤ ማስረጃ ብላ ምድጃ ውስጥ ከታዋለች።

ወዲያው ሰፈሩ መምጣት ጀመረ። የሣህሉ መመለስ ተሰምቶ ስለነበር ሁሉም አደራውን ሊያስረክብ ተሰለፈ። ለእያንዳንዱ ታሪክ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሣህሉ ቆሞ መስማት አለበት። የሺመቤት የእሷን ከዱቄት እንስራ ውስጥ አወጣች፤ ፈታሹ እጁን እስከ ክንዱ ከትቶ ሳያገኘው ነጭ ሆኖ እንደወጣ አስመስላ አሳየች፤ ሰውም ሳቀ። ገዲ የፈረሱን የመኖ ከረጢት አራግፎ ሁለት አቀረበ። አንድ ሽማግሌ ጢማቸውን የሚያህል ፈገግታ እያሳዩ ከጥምጥማቸው ውስጥ መዝዘው ሰጡት። ከሁሉ የበለጠችው ግን ትርንጎ ናት፤ ወጣት፣ ለሳቅ የምትቀድም ሴት። አራቱን ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላ፣ እሹሩሩ እያለች በፈታሾቹ መሀል አልፋለች። አንደኛው ወታደር ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው ብሎ እንደጠየቃት ስትናገር ግሮሰሪው በሳቅ ተናወጠ።

«እስከ ማታ አላወረድኩትም» አለች ትርንጎ። «ጀርባዬ ላይ ሞቆት ተኝቶልኛል።»

ሣህሉ ብልቃጦቹን ተቀበለ። ሁሉም ሞቀዋል። ትርንጎ ያቀበለችው የሰው ገላ ያህል ይሞቅ ነበር። የአንዱን ክዳን ላላ አድርጎ ቢያሸተው ስድስት ዓመት የታሰረ ሽታ ወጣና ዓይኑን አሳከከው። ድሬዳዋ የዓሣ ገበያ ኖሯት አያውቅም እንጂ ቢኖራት በኅዳር ሚካኤል የሚቃጠለው ቆሻሻ እንኳ እንዲህ አይሸትም። ሰዎቹ ግን ሽታውን እንደ ሽቶ ሳቡት። እውነተኛ ዕቃ ለመሆኑ ሽታው ምስክር ሆነላቸው።

አመሰገናቸው። ምን ያድርግ? ከእነሱ አንዱ እንኳ ተይዞ ቢሆን ይታሰር ነበር፤ ሕፃን ብላ ባዘለችው ብልቃጥ ትርንጎ ከልጆቿ ትለይ ነበር። በየተራ እጃቸውን ጨበጠ። የእሱ ባሕር በሃያ ቤት ሞቷል፤ ገዳዮቹ በሙሉ ለእሱ ነፍሳቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ግድያ ቃየልም አላየ።

ደርድሮ ሲያያቸው አንድ ጎደለ። የመጀመሪያው ዓመት።

እትዬ ተሻለች አሰበች፤ ያ፣ አለች፣ ለዓብዱልአዚዝ ነው የደረሰው። ሣህሉ ብድግ አለ። ዓብዱልአዚዝ በመልካ ጀብዱ መንገድ ላይ በረዶ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ለለስላሳ ነጋዴው፣ ለሠርግ፣ አንዳንዴም ለሬሳ። በዚያ ከተማ ካለ ሰው ሁሉ አንዱ ብልቃጥ በረዶ ሻጭ እጅ ገብቶ ቢሆን! የመጀመሪያው ዓመት ከተረፈ፣ የዚህን ዓመት ዐያንሌ እንደገና ያመጣዋል። መሀሉ ቢጠፋም ሁለቱ ጫፍ ይቀራል። ጫፍና ጫፍ ከተያዘ ገመድ ነው። የገዲን ጋሪ ዘሎ ወጣ፤ ፈረሱ በዚያ መንገድ ያን ያህል ሮጦ አያውቅም፣ ከዚያ በኋላም ለአንድ ሳምንት ከቤት አልወጣም ይባላል።

ዓብዱልአዚዝ ሰላምታውን አስረዝሞ ሲያበቃ፣ ምንም ሳይጠየቅ ወደ ጓዳ ገብቶ በገለባ የተሞላ ሣጥን ከፈተ። ከበረዶ ድንጋይ መሀል ብልቃጡን መዞ አወጣው። እንደ ብረት ደርቋል። ላዩ በብርድ ነጥቷል። የሣህሉ እጅ ጽሑፍ፣ የመጀመሪያው ዓመት ቁጥር፣ ሳይደበዝዝ አለ።

ሣህሉ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ብርዱ መዳፉን ሲያቃጥለው አልለቀቀውም። ዓብዱልአዚዝን ትከሻው ላይ ሳመው። ከዚያ በልማዱ፣ እንደ ማንኛውም ብልቃጥ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው።

በረዶው ንጹሕ ነበር። እንደ መስተዋት። እንጥብጣቢ ጥቁር፣ አንዲት ነጥብ የለበትም። ከብልቃጡ ወዲያ ማዶ የዓብዱልአዚዝ ፊት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዓብዱልአዚዝ ዓይኑን ሰበረ። ጢሙን እየነካካ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ነገረው።

«ወላሂ ሣህሉ፣ እኔ አልወሰድኩም። ዕቃው በረዶ ውስጥ ካደረ ይበላሻል ብዬ፣ ላወጣልህና ለብቻው ላስቀምጥልህ ነበር። ውኃውን በነጭ ጨርቅ አጠለልኩት። ምንም የለም፣ አቦ። ቆሻሻ ብቻ። እኔ ጋ ሳይደርስ ተወስዷል።»

ሣህሉ ጨርቁ የት እንዳለ ጠየቀው። ታጥቧል።

«ሰው ባዶ ብልቃጥ እንዳይመስለው በጥሩ ውኃ ሞልቼ አስቀመጥኩልህ» አለው ዓብዱልአዚዝ። «ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን ዙሪያህን እይ። ሴትዮዋን አላልኩም፤ እኔ ሰው አላማም። እይ ብቻ ነው የምልህ።»

ሣህሉ አመሰግናለሁ አለ። ብልቃጡን ኪሱ ከተተው። ጋሪው ላይ ሆኖ ወደ ከተማ ሲመለስ የቀለጠው ውኃ ሱሪውን አራሰው፤ አላወቀውም። አንድ ሰው ዓሣ ቢጠፋው ሌላ ያጠምዳል፣ ግመል ቢሞትበት ሌላ ይገዛል። ያለፈውን ዓመት ባሕር ግን ማንም አጥማጅ፣ በምንም መረብ፣ ጎትቶ አያወጣውም። ዐያንሌ ነገ ሺህ ተርሙዝ ቢያመጣ የሚያመጣው የነገን ነው። ባሕሩ ይሙቅ አይሙቅ፣ ዱሮ እንዴት እንደነበር የሚናገር አንድ አንደበት ነበረ፤ እሱም በነጭ ጨርቅ ተጠልሎ፣ ከልብስ ጋር ታጥቦ፣ በመልካ ጀብዱ አቧራ ላይ ተደፍቷል። አዲስ አበባ የተመታው ማኅተም ደረት ኪሱ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደው።

ግሮሰሪው ሲደርስ ሰው ሄዷል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። እትዬ ተሻለች ብልቃጦቹን በቀኝ በግራ እየደገፈች፣ በደኅናው እጇ፣ የበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ደርድራ ጨርሳ ጠበቀችው።

«ሙሉ ነው?» አለችው።

መንገዱን ሁሉ ሊነግራት ወስኖ ነበር የመጣው። ብልቃጦቹ ሞተዋል፣ አንቺ ገድለሻቸዋል ሊላት። ያበጠውን እጇን አየ።

«ሙሉ ነው፣ እትዬ።»

ትንፋሿን ለቀቀች። ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችው ትንፋሽ ሳይሆን አይቀርም፣ መጋረጃው ተነቃነቀ። ከዚያ ወንበር ስባ ጠጋ አለችው።

«እንግዲህ ንገረኝ» አለችው። «ስድስት ዓመት አልጠየቅሁህም። አንተም አልነገርከኝም፣ ደግ አደረግህ፤ ያላወቁትን አያወጡም። አሁን ግን ዋጋዬን ከፍያለሁ። ምን ነበር?»

ሣህሉ ነገራት። ለሰከንድ እንኳ አልዋሸም። እንስሳቱን፣ ሁለቱን ወገን፣ ሰርዲኑ መሸሹን፣ የባሕሩን ሙቀት፣ ሁሉንም የዛሬ ስድስት ዓመት እንደነገራት አድርጎ ነገራት፤ መቅለጥ እንደሌለባቸው ብቻ አስቀረ። እትዬ ተሻለች ዓይኗን አልጠቀሰችውም። እያዳመጠች ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ።

«ለእኔም?» አለችው።

«እውነቴን ነው፣ እትዬ።»

«እጄን ሲጠመዝዙት አላውቅም አላልኩም። አልናገርም ነው ያልኩት። አላውቅም ብል ይለቁኝ ነበር እኮ።» ድምፅዋ አልጨመረም። «አንተ ዛሬም የባሕር ቅማል ትለኛለህ።»

ሣህሉ ከሣጥኑ አንድ ብልቃጥ አነሣና ወደ አምፖሉ አስጠጋው። ሊያሳያት ነበር፤ እግሮቻቸውን፣ ቀያይ ዓይኖቻቸውን፣ እንደ ጢም የተዘረጉ አንቴናዎቻቸውን። በብልቃጡ ውስጥ ግን እግርም ዓይንም አልቀረም። ግራጫ ዝቃጭ ከታች ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ደም ግባት የሌለው ውኃ ተንሳፏል። እትዬ ተሻለች አንገቷን አስግጋ አየች፤ ከልቧ፣ የሚታይ ነገር ካለ ልታይለት ፈልጋ አየች።

«ይሄማ ቆሻሻ ነው» አለች።

ሣህሉ በዓለም ላይ ይህን የሚያስተባብል አንድ ነገር አልነበረውም።

«አዎ» አለ። «ቆሻሻ ነው።»

እሷም ተነሥታ ጀርባዋን ሰጠችው። ዕቃህን ውሰድ አለችው፤ ከዛሬ ጀምሮ ፍሪዘሩ ለቢራ ነው። ሊለምናት አልሞከረም፤ የሚያስቀምጠው ነገርም አልነበረውም።

የበረዶ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ። ሰፈሩ ቀዝቀዝ ሲል ወጥቶ በየደጃፉ ተቀምጧል። ሣጥኑን በትከሻው ሲያዩት ሁሉም ተነሡለት። ትርንጎ ሕፃን እንደምታባብል ጀርባዋን መታ መታ አድርጋ አሳየችው። ገዲ ከጋሪው ላይ እጁን አነሣ። ከወዲያኛው አጥር አንዲት አሮጊት፣ ምን እንደተደበቀ የማያውቁ፣ ምን እንደተረፈ የማያውቁ፣ እንኳን ደስ ያለህ ልጄ አሉት።

ሣህሉ ቆመ። ሣጥኑን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለ።